በሪንጉ መሃል የተዘረጋ ነጠላ

«አጥፊው» አለ ይሻው። «ያቺን ቦታ ብቻ። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

ኢክራም ዓይኗን ከስልኳ ላይ አላነሳችም። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል፣ የተሰበሩ ዴስኮች በተከመሩበት ጥግ ተቀምጣ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን በአንድ ጆሮዋ ሰክታ ፊልሟን ትቆራርጣለች። ፊልሙ አርብ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ፣ ተማሪና ወላጅ ባለበት ይታያል። ዛሬ ሰኞ ነው።

«የቷን ቦታ?» አለችው እያወቀች።

«አቦ አትቀልጂ። ሴትዮዋ የገባችበትን ነዋ።»

የፊልሙ ደራሲም አዘጋጅም ካሜራ ያዥም ኢክራም ናት። አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ ግን ከጨርቅ ይልቅ ሰው ማዘዝ ይቀናታል። ታሪኩ የአንድ ድሃ ቦክሰኛ ነው። ልጁ ይለማመዳል፣ ይሸነፋል፣ እንደገና ይለማመዳል፣ በመጨረሻ ተጋጣሚውን ዘርሮ እጁን ያነሳል። ይሻው በከተማው ክለብ የሚሠለጥን እውነተኛ ቦክሰኛ ስለሆነ ዋናውን ሚና ለእሱ ሰጠችው። ተጋጣሚው የክፍል ጓደኛው ጥላዬ ነበር፤ ጥላዬ ቦክስ አይችልም፣ መውደቅ ግን ይችልበታል።

ነገሩ የተበላሸው ቅዳሜ የመጨረሻውን ግጥሚያ ሲቀርጹ ነው። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክለው ገመድ ወጠሩ። ተማሪዎች ተመልካች ሆነው ዙሪያውን ቆሙ። ኢክራም የቀይ ሥር ጭማቂ በብልቃጥ ይዛ መጥታ የይሻውን አፍና አፍንጫ ቀባችው። ሥራዋን አሳምራው ስለነበር ጥላዬ ራሱ «ኧረ ይሄ ልጅ ሊሞትብን ነው» ብሎ ነበር።

በዚያው ሰዓት የይሻው እናት እቴነሽ ገበያ ውላ፣ የልጇን ስንቅ ይዛ፣ ወደተከራየችለት ክፍል ሄዳለች። ቤታቸው ከጉና ተራራ ሥር ነው፤ ይሻው ለትምህርት ደብረ ታቦር ከገባ ጀምሮ ስንቁ በእሷ ትከሻ ነው የሚመጣው። የአከራዩ ትንሽ ልጅ በር ላይ አገኛትና «ይሻው የለም፤ ጥላዬን ሊደበድብ ሜዳ ሄዷል» አላት። ልጁ አልዋሸም፣ የሰማውን ነው የተናገረው። እቴነሽ ግን ድብድብ እንጂ ፊልም አታውቅም።

ሜዳው ጋ ስትደርስ ልጇ በአፍ በአፍንጫው ደም እየወረደ በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ ጥላዬ ደግሞ ከላዩ ቆሞ ጡጫውን ሰንዝሯል። «ኧረ በመድኃኔዓለም! ኧረ ተው!» ብላ ተማሪውን ጥሳ፣ በገመዱ ሥር ሾልካ ገባች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ በሁለቱ መሃል ዘረጋችውና ከዳሩ ተንበረከከች። «በጠባችሁት ጡት ይዣችኋለሁ! ይችን ነጠላ እንዳታልፏት!»

ጥላዬ ክንዱን ሰንዝሮ እንዳለ ደረቀ። የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ሴት ነጠላዋን ዘርግታ ከለመነች ደም የተቃባም ቢሆን እንደሚቆም ያውቃል። ከዚያ አንዱ ከኋላ «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ። ጭቃ የጠጣውን የፕላስቲክ ጫማዋን እየጠቆሙ የሳቁም ነበሩ።

ይሻው ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። «እናትህ ናቸው እንዴ?» አለችው ኢክራም።

«አይ» አለ። «ጎረቤታችን ናቸው።»

በሕይወቱ አንቱ ብሏት አያውቅም። ፊቱን አዙሮ ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሲመለስ እናቱ የለችም። ጥላዬ የበሶ ቋጠሮ ሰጠውና «ጎረቤትህ ትታልህ ሄደች» አለው። ይሻው ቋጠሮውን ክፍሉ ጥግ አስቀምጦ ሳይፈታው ሁለት ሌሊት አደረ። ያ በቅሎ እንኳ አባትህ ማነው ሲሉት እናቴ ፈረስ ናት ነው ያለው። እሱ ከበቅሎም አነሰ።

አሁን ኢክራም ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እሺ፣ አጠፋዋለሁ። ፊትህ ያለበት ነገር ነው፣ አልከራከርህም። ግን አይተኸዋል?»

«እዚያው ነበርኩ እኮ!»

«አንተ ሄደሃል። እኔ ግን መቅረጼን አላቆምኩም።» የጆሮ ማዳመጫውን ዘረጋችለት።

ይሻው መጀመሪያ ያየው የራሱን ጀርባ ነው። ከሪንጉ ወጥቶ ሄደ። እናቱ እንደተንበረከከች በዓይኗ ተከተለችው። ያንን ፊት ያውቀዋል። በረዶ ገብሳቸውን ያወደመ ዕለት ማሳው ዳር ቆማ እንዲሁ ነበር የምታየው፤ አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም፣ ዝም ብላ አየች። ከዚያ የኢክራም ድምፅ መጣ። «እማማ፣ የይሻው ምኑ ነዎት?»

እቴነሽ ነጠላዋን ከመሬት አነሳች፣ አራገፈችው፣ ለበሰችው።

«ጎረቤቱ ነኝ የኔ ልጅ» አለች። «እናቱ አደራ ብላኝ ነው። ደም ሳይ ደንግጬ ሥራችሁን አበላሸሁት፣ ይቅር በሉኝ።» ወደ ጥላዬ ሄዳም ቋጠሮውን ጓንት ባጠለቀው ክንዱ ላይ አንጠለጠለችለት። «ይችን ስጠው። እናቱ ልካልህ ነው በለው። ባዶ ሆዱን እንዳይቧቀስ።»

ይሻው ወደኋላ መልሶ እንደገና አየው።

«ይኼን ካየሁ ወዲያ የራሴ መጨረሻ አስጠላኝ» አለች ኢክራም። «ልጁ አሸነፈ፣ እጁን አነሳ፣ አለቀ፣ ደህና እደሩ! እኚህ ሴትዮ ግን ከገቡ በኋላ ቦክሱ ተረሳኝ። ጎረቤት እንዲህ ከሆነች እናቱማ ምን ልትሆን ነው ብዬ ሳስብ አደርኩ።»

«ጎረቤቴ አይደለችም።»

ኢክራም ወደ እሱ ዞረች።

«እናቴ ናት። አፈርኩባት።»

ኢክራም ትስቃለች ወይም ትሰድበዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ስልኩን አንስታ ጥቂት ስትነካካ ቆየችና «በቃ ቀላል ነው» አለች። «አንተ ጎረቤታችን ናቸው ያልካትን እቆርጣታለሁ። እሳቸው ይገባሉ፣ ነጠላው ይዘረጋል፣ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ሜዳ የነበሩትም ቢሆኑ ያኔ ሲንጫጩ ስለነበር ያንተን ነገር የሰማ የለም።»

ይሻው ልቡ ቀለል አለው። እናቱ አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት ትከበራለች፣ እሱም ይተርፋል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

«የእሷስ መልስ?» ብሎ ጠየቀ ቆይቶ።

«የትኛው?»

«ጎረቤቱ ነኝ ያለችው። አደራ ብላኝ ነው ያለችው።»

«እሱማ አብሮ ይወጣል። ያንተ ከሌለ የሳቸው ትርጉም የለውም።»

ይሻው ወደ መስኮቱ ሄደ። ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ይገባሉ። ከቅዳሜ ጀምሮ ቢያንስ አሥሩ አስቁመውት «ያቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብለውት ነበር፤ ለሁሉም ያንኑ የጎረቤት መልስ ነው የሰጠው። የእሱ ክህደት ከወጣ የእሷ መሸፈን አብሮ ይወጣል። በፊልሙ ውስጥ የምትቀረው የሚሳቅባት አንዲት የደነገጠች ባላገር ብቻ ትሆናለች።

«አትቁረጪው» አለ። «ሁለቱንም ተዪው።»

«ይሻው፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው የሚሰማህ። ጥላዬ ብቻውን ስም ያወጣልሃል።»

«ያውጣልኝ።» ወደ በሩ አመራ። «ግን እሷ ሳትፈቅድ ለማንም አታሳዪ። ነገ ሄጄ እጠይቃታለሁ።»

ማክሰኞ የጠዋቱ ፈረቃ እንዳለቀ የደብተር ቦርሳውን ይዞ የጉናን መንገድ ተያያዘው። እናቱን ያገኛት ከቤታቸው በላይ ካለው ማሳ፣ ድንች ስትቆፍር ነበር። ስታየው ዶማዋን ለቀቀች።

«ምን ሆነህ? ታመሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«ስንቁ አለቀ?»

«አልነካሁትም።» ከድንች መደቡ ማዶ እንደቆመ ተናገረ፤ መቅረብ አፈረ። «እማዬ፣ ቅዳሜ ያልሽውን ሰማሁት። ተቀርጿል።»

እቴነሽ አጎንብሳ የወጣውን ድንች አፈሩን እያራገፈች ወደ ቁና መጣል ጀመረች። «ያው ልጆቹ እንዳይስቁብህ ብዬ ነው» አለች። «ቦታው የኔ አልነበረም። እኔ ነኝ ያዋረድኩህ።»

«እኔ ነኝ የካድኩሽ!» አለ። «አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

እናቱ ቀና አላለችም። እጇ ግን ቆመ።

ይሻው ስለ ፊልሙ ነገራት። አዳራሹን፣ አርብን፣ የእሱም የእሷም ቃል ሳይቆረጥ እንደሚታይ ነገራት። «አልፈቅድም ካልሽ ይጠፋል። ከፈቀድሽ ግን መጥተሽ ከጎኔ ትቀመጫለሽ፣ ከፊት ወንበር። ማን ናቸው ብለው ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ።»

እቴነሽ አንድ ድንች ወደ ቁናው ጣለች። «ባይጠይቁህስ?» አለችው።

ይሻው ይህን አላሰበውም ነበር። መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ የመጣው መልሱን ብቻ ነው።

«ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ» አለ።

እናቱ ቀና ብላ አየችው። ቀጥላም እስከ ማሳው ጫፍ የተዘረጋውን፣ ገና ግማሹ ያልተቆፈረውን መደብ በእጇ አሳየችው። «እኔ ሥራዬን ሳልጨርስ መንገድ አልወጣም» አለች። «ይሄ ሐሙስ ሳይመሽ ማለቅ አለበት።»

ይሻው ቦርሳውን ከድንጋይ ካቡ ላይ አስቀምጦ ዶማውን አነሳ።