የኬስትማን ድርሻ

ይህን ያየሁት በዓይኔ፣ የሰማሁት በጆሮዬ ነው። አልጠጣሁም፣ አላንቀላፋሁም። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ፀሐይ ፍንትው ብላ።

ቦታው ከጀርመኗ ጎርሊትዝ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የድሮ የመዘምራን አዳራሽ ነው። እኔ የሙዚቃ ድምፅ ቀራጭ ነኝ።

ለጎትሎብ ኬስትማን ያለኝን ንቀት ከአሁኑ ልናገር። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የኖረ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ነው። የዘመኑ ታላላቆች ልብ ሲሰብሩ እሱ ያላዝን ነበር። የወደዳት ሴት እምቢ ስትለው ሦስት የፒያኖ ሶናታ ደረሰ፣ ውሻው ሲሞት አራት። በሕይወቱ ሳለ ያጨበጨበችለት እህቱ ብቻ ነበረች... እሷም ጆሮዋ አይሰማም ነበር ይባላል።

ሥራው በሸክላ የተቀረጸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተጫወቱት ሴት ሞተዋል። ከእሳቸው በኋላ ሥራውን የሚጫወቱ የቀሩት ተማሪያቸው ወይዘሮ ሂልትሩድ ቤረንት ናቸው።

ወይዘሮ ቤረንት ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የእጃቸው ጣቶች እየደረቁ ነው። ከክረምቱ በኋላ ፒያኖ መጫወት እንደማይችሉ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚያ አልቃሻ ሰጥተው የሚቀርላቸው አሁን የምቀርጽላቸው ይህ ቅጂ ብቻ ነው።

ለእሳቸው አዘንኩ። ለእሱ ግን ቅንጣት አላዘንኩም።

በሥራችን እያንዳንዱ ቅጂ ሲጀመር ቁጥሩን በማይክ እጠራለሁ። በሦስት ቀን አሥራ አንድ ጠራሁ። ወይዘሮ ቤረንት ትንሽ ለማረፍ ኬካቸውን ይዘው አዳራሹን ከሚለየው መስታወት ወዲህ፣ ወደ እኔ ክፍል መጡ።

ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂዎቹን አየሁ።

አሥራ ሁለት...

የመጨረሻውን ከፈትኩት። ቁጥሩን የሚጠራው የእኔ ድምፅ ነው። እኔ ግን አልጠራሁም።

ከዚያ ፒያኖው ጀመረ። የእሳቸው ጣት ሁልጊዜ የሚደናቀፍበት ቦታ ደረሰ... አልተደናቀፈም።

ወይዘሮ ቤረንት ሲጫወቱ ትንፋሻቸው ይሰማል። እዚህ ትንፋሽ የለም።

በየመሃሉ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። እሳቸው ደግሞ የሚጫወቱት በቃላቸው ነው።

"ማን ነው ይሄ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ኬካቸውን አስቀመጡ።

"መጣ?"

"ማን?"

"ዝም ብለህ ተወው፣ ኤካርት። አስተማሪዬም ትተውለታል። አንዱ የእሱ ነው።"

"ለሞተ ሰው ነው የምተወው?"

"ቀስ በል... ይሰማሃል።"

"ይስማኛ። በሕይወቱ ሰሚ ያጣ ሰው ዛሬ እሱ ሰሚ ሆነ?"

አልሳቁም። ክንዴን ያዙኝ።

"ስለ እኔ ብለህ። ሌላ ዕድል የለኝም። ድርሻውን አትንካ።"

"ወይዘሮ ቤረንት፣ የእኔ ሥራ ቆሻሻ ማጽዳት ነው።"

አሁን ሳስበው የገዛ አፌን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

አሥራ ሁለተኛውን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት።

ምንም አልሆነም። "አዩ?" አልኳቸው።

"የመጀመሪያውን ክፈት" አሉኝ።

ከፈትኩ። ቁጥሩን ስጠራ ይሰማል። ከዚያ ትንፋሻቸው... የቀሚሳቸው ኮሽታ... ጥፍራቸው የፒያኖውን ቁልፎች ሲነካ...

ፒያኖው የለም።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። የለም። ሦስተኛው... አራተኛው... እስከ አሥራ አንድ። የደከሙበት ሁሉ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ቀረ።

"እንደገና እንሠራዋለን" አልኩ።

እሳቸው ተነስተው ወደ አዳራሹ ገቡ፣ ፒያኖው ፊት ተቀመጡ፣ መጫወት ጀመሩ።

በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ጣቶቻቸው ይሮጣሉ። እንደዚያ ተፍታተው አይቻቸው አላውቅም። ማይኮቹ ክፍት ናቸው... የሚሰማኝ ግን ትንፋሻቸው ብቻ ነው።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። አጠገባቸው ቆምኩ። ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማኛል። ከፒያኖው ግን ምንም።

"ወይዘሮ ቤረንት... ይበቃል፣ እባክዎ።"

"ዝም በል" አሉ ቀስ ብለው። "እየሰማሁ ነው።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ያለቅሳሉ። ዓለም እንዲሰማላቸው የፈለጉትን እሳቸው ብቻ እየሰሙት ነው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ መጫወታቸውን ሳያቋርጡ ወደ መቀመጫው ጠርዝ ሸርተት አሉ... ለአንድ ሰው ቦታ እንደሚለቁ።

የለቀቁት የመቀመጫው ትራስ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ።