የሚስባህ ነጠላ ጫማ

በ1991 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ቪላ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረወልድ፣ እንዲሁም የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ማኅደር፣ ቀጀላና ሚስባህ። ማኅደርና ቀጀላ ግቢው ውስጥ በልተው ሲመለሱ ሚስባህ ሞቶ አገኙት።

ቪላው ውስጥ ጦርነት በኮምፒውተር ይሞከር ነበር። የወታደሩ ብዛት፣ የመሬቱ አቀማመጥና የመድፉ ርቀት ይገባል፤ ማሽኑ ማን እንደሚያሸንፍና ስንት ሰው እንደሚሞት ያወጣል።

ኢንስፔክተር ገንዘቤ ስትደርስ አስከሬኑ ኮምፒውተሩ ሥር ተዘርግቷል፤ ግንባሩ ተፈንክቷል፣ እግሩ ላይ ነጭ ካልሲ ብቻ ነው። ቆዳ ጫማው በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ኤሌክትሪክ ነው የያዘው፣ የኔ ልጅ» አሉ አቶ ገብረወልድ። «እኔ ቢሮዬ ነበርኩ። ዛሬ እዚህ ክፍል እግሬን አላስገባሁም።»

«ጫማ ለምን ይወልቃል?»

«አቧራ ማሽኑን እንዳያበላሽ» አለች ማኅደር። «ወለሉም ትናንት ቀይ ሰም ተቀብቷል።»

ቀጀላ ግድግዳውን በቡጢ መታ። «ኧረ የምን ወለል! ሚስባህ ሐሙስ ግንባር ላይ ሸንተረሩን የሚያጠቃው ክፍለ ጦር ያልቃል ብሎ ነበር። ወንድሜ ቢሊሱማ እዚያ ነው ያለው! ውጤቱ ዛሬ ለጄኔራሎቹ ካልደረሳቸው…»

«በዲስኬት ልኬላቸዋለሁ» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ዲስኬቱ ጥቃቱ ይሳካል ነው የሚለው።»

«ይሳካል? ማን ቀየረው?» አለች ማኅደር።

ገንዘቤ በሩ አጠገብ ያለውን መደርደሪያ ታይ ነበር። ሦስት የላስቲክ ነጠላ ጫማዎች አሉ፤ በአንዱ ላይ «ሚስባህ» ተጽፏል።

«እነዚህስ?»

«ውስጥ የምናደርጋቸው ናቸው፤ ሰሙ ካልሲ ያቀላል» አለች ማኅደር።

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«እንግዳማ በካልሲው ነው። ጋሼ ገብረወልድንም እንግዳ በሏቸው፤ ጄኔራሎቹን ሲያስጎበኙ ብቻ ነው የሚገቡት።»

ገንዘቤ ሦስቱንም ሰዎች ኮሪደሩ ላይ አቆመቻቸው።

«ሚስባህ በእግሩ ቢገባ ነጠላ ጫማውን ያደርግ ነበር። በካልሲ ገባ ብንል እንኳ መርገጫው ይቀላ ነበር፤ የሱ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞቶ፣ ተሸክመው አስገቡት። ቆዳ ጫማውን ያወለቀለት ሰው የቤቱን ደንብ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰሙ ላይ ዱካ እንዳይቀርም የራሱን ጫማ አውልቋል። አቶ ገብረወልድ፣ እግርዎን ያሳዩኝ።»

አልተንቀሳቀሱም። ቀጀላ ተንበርክኮ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈትቶ አወለቀላቸው። የካልሲያቸው መርገጫ ቀይ ነበር።

«ለጄኔራሎቹ ቃል ገብቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሚስባህን ቁጥሩን ቀይር ስለው እምቢ አለኝ። ቢሮዬ ውስጥ ገፋሁት፤ የጠረጴዛው ጠርዝ አገኘው። ከዚያ ቁጥሩን ራሴ ቀይሬ ላክሁት።»

«እሱን ተዉትና ዲስኬቱን አስመልሱልኝ!» ጮኸ ቀጀላ።

ገንዘቤ ስልኩን አንስታ ወደ ጄኔራሎቹ ቢሮ ደወለች። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ስትደውል አንድ ጎርናና ድምፅ «አንቺ ነፍሰ ገዳይሽን ያዢ፤ ጦርነቱን ለእኛ ተይው» ብሎ ዘጋባት።

አቶ ገብረወልድ በፖሊስ መኪና ተወሰዱ። ጥቃቱ ሐሙስ ንጋት ላይ በዲስኬቱ መሠረት ተጀመረ።