በሁመር የታጠበው ጩቤ

የጩቤ አንጥረኛው ኬሳሪላል በህንዷ ኡዳይፑር ከተማ፣ ሱቁ ውስጥ ጎኑን ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። የተወጋበት ጩቤ ታጥቦ አጠገቡ ተቀምጧል። የጣቢያው አዛዥ የሟቹን የወንድም ልጅና የሥራ ረዳት ጊርዳሪን አሰረና ጩቤውን ካዝና ውስጥ ቆለፈበት።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ጩቤውን ልየው» ትላለች ኢንስፔክተር ሄምላታ።

«ገዳዩ ተይዟል፤ ምን ያደርግልሻል?»

ጊርዳሪ እመን እየተባለ ይደበደባል፤ እሷ በንዴት ትበግናለች።

የጩቤው ባለቤት የአካባቢው ባላባት፣ ታኩር ፕራባት ሲንግ ነው። «ለዳሸራ በዓል እንዲያጸዳው፣ የወርቅ ሥራውም የየትኛው ዘመን እንደሆነ እንዲነግረኝ ከቤታችን መቅደስ አውጥቼ ሰጠሁት» አላት።

«ኬሳሪላል ምን አለዎት?»

«ነገ ይምጡ አለኝ፤ ነገ ሳይደርስ ሞተ።»

«የመቅደሱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«ካህናችን ፓንዲት ቢሻምባር ዘንድ ነዋ! ከአባቴ ዘመን ጀምሮ።»

ካህኑን መቅደሱ ደጃፍ የናስ ዕቃ በጎምዛዛ የሁመር ፍሬና በአመድ ሲፈትግ አገኘችው። «ልጄ፣ የዛሬ ወጣት መች ታላቁን ያከብራል?» አላት። «ጊርዳሪ አጎቱን ሲሳደብ ሰምቻለሁ።»

አዛዡ ንዝንዟ ሲሰለቸው ጩቤውን ወረወረላት። አሸተተችው፤ በአጉሊ መነጽር አየችው፤ አዛዡን፣ ታኩሩን፣ ካህኑንና ጊርዳሪን የሟቹ ሱቅ ውስጥ ሰበሰበች።

«ጊርዳሪ፣ ብረት በምን ትወለውላለህ?»

«በዘይት፣ ማዳም።»

«ይሄ ጥግ ላይ ያለው ሁመርስ?»

«እሱ ለናስ እጀታ ነው። ብረት ይበላል! አጎቴ ቢያየኝ በመዶሻ ይለኝ ነበር።»

«ይህ ብረት ግን በሁመር ታጥቦ ጠቁሯል። ናስ ማጠብ የለመደ እጅ፣ ሲደነግጥ የለመደውን አደረገ። ወርቁም ተልጧል። በደንቡ ብረቱ በጥቃቅን ጭረት ይሻክርና የወርቁ ክር በመዶሻ ይቀጠቀጥበታል፤ ወርቁ ቢነሳ ጭረቱ ይቀራል። ከዚህኛው ወርቅ ሥር ግን ብረቱ ልሙጥ ነው። በሙጫ የተለጠፈ ወርቅ! ታኩር፣ እውነተኛው ጩቤዎ ተሰርቆ ይህ ተተክቷል። ኬሳሪላል ደርሶበት ነበር። ሊተካው የሚችለው ቁልፍ ያለው ብቻ ነው።»

ታኩሩ ወደ ካህኑ ዞረ። «ፓንዲትጂ?»

«ኬሳሪላል እግር ላይ ወደቅሁ!» አለ ካህኑ። «አትንገርብኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ!»

ሄምላታ የጊርዳሪን ሰንሰለት ራሷ ፈታች። እሱ ግን አልተነሳም። ያበጡና የተጣመሙ ጣቶቹን አያቸው።

«ማዳም፣ ይህ እጅ ከእንግዲህ የወርቅ ክር ይይዛል?»

ሄምላታ አዛዡ ላይ ጮኸች፦ «ያን ካዝና በመጀመሪያው ቀን ከፍተኸው ቢሆን ኖሮ፣ አንተ!»