የማያልቀው ከረሜላ

ዓሚኔ ስልኳን የሳሙና ካርቶን ላይ አስደግፋ መቅጃውን ነካችና ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ከዚያ በአንድ ጣቷ መንኮራኩሩን ገፋ አደረገችው። ሮዝ፣ ቢጫና አረንጓዴ ከረሜላ የሚመስሉት መቀመጫዎች ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ፤ በቆርቆሮው ሽንቁር የገባችው የፀሐይ ጨረር ዘንድ ሲደርሱ ቦግ አሉና ወደ ታች ወረዱ።

«ሰላም ናችሁ፣ ዓሚኔ ነኝ ከሰቆጣ» አለች ለስልኩ። «ዛሬ የምፈትሽላችሁ የእጅ ባትሪ አይደለም፤ እስክሪብቶም አይደለም። ዛሬ መናፈሻ ነው የምፈትሽላችሁ፣ ያውም የከረሜላ።»

ያለችው የአባቷ የዘከሪያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ክረምቱን ሱቅ ትውላለች። ለሱቁ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ፈታ፣ ገጣጥማ፣ አንዳንዴም ሰብራ ያየችውን ቲክቶክ ላይ መናገር ከጀመረች ከርማለች። ተከታዮቿ አብዛኞቹ የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹም የሚገቡት ለመሳቅ ነው። የዝናብ ጫማ ባልዲ ውስጥ ነክራ «ጠብታ አያስገባም» እያለች ጫማው ውሃውን ግጥም ሲያደርግ የታየበት ቪዲዮ እስካሁን በሳቅ ፍርስ ያደርጋቸዋል።

የአሁኑ ግን ቀልድ አልነበረም። አሻንጉሊቱን የላከላት ኮምቦልቻ ሆኖ ዕቃ የሚያከፋፍለው አጎቷ ዓብዱልቃድር ነው። እየተገጣጠመ የሚሠራ የመዝናኛ ፓርክ ነው፤ የአይስክሬም ግንብ አለው፣ የቸኮላት ሸርተቴ አለው፣ ጣሪያው ብስኩት የሆነ የትኬት መሸጫ ቤት አለው። መሀል ላይ ደግሞ ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ቆሟል። ክፍሎቹን የነካ እጅ የእንጆሪ ሽታ ይዞ ይውላል። አጎቷ ሲልክላት አንድ ቃል ገብቶላታል፦ ቪዲዮውን ሰው ከወደደው፣ ትምህርት ሳይከፈት አዲስ አበባ ወስዶ እውነተኛው መንኮራኩር ላይ ያስቀምጣታል።

ከዚያ ወዲህ የዓሚኔ ልብ እዚህ አልነበረም። ስኳር ስትመዝን፣ ሻማ ስትሰጥ፣ መንኮራኩሩ ከከተማው በላይ ቆሞ ይታያታል። እሷ ሮዟ ላይ ተቀምጣለች። ዝናብ ያጠባቸው ቆርቆሮዎች ከእግሯ በታች ያንጸባርቃሉ። በጋዝጊብላ በኩል ተራራው ጉሙን እንደ መቀነት ታጥቆታል፤ በአበርገሌ በኩል ምድሩ ዝቅ እያለ፣ እየሞቀ ሄዶ መጨረሻው ከሰማይ ጋር ይቀላቀላል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ መንኮራኩሩ ቀጥ ይላል። እዚያ ድምፅ የለም፤ ነፋስና የእንጆሪ ሽታ ብቻ። «ዓሚኔ፣ ሰው ቆሟል እኮ» የሚለው የአባቷ ድምፅ ነው ሁልጊዜ የሚያወርዳት።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሏታል። ካርቶኑ ላይ ያለው መንኮራኩር ስምንት መቀመጫ አለው፤ የሷ ግን ሰባት ብቻ ነው። ጓዳውን ገልብጣ ፈልጋ አጣችው። ፋብሪካው አጉድሎ ይሆናል ብላ፣ ለአጎቷም ሳትነግር፣ ባዶው ቦታ ስልኩ ፊት ሳይደርስ ማዞሯን ታቆማለች።

በመጨረሻ ካርቶኑን አነሳች። ጽሑፉ በሰፈሩ ማንም በማያነበው ፊደል የተጻፈ ነው። ጥጉ ላይ ግን አንዲት ምልክት አለች፦ ክብ ውስጥ ፊቱ የኮሰተረ ሕፃን፣ በላዩ ቀይ ሰረዝ፣ አጠገቡ 0-3። ዓሚኔ ይህቺን ምልክት ብዙ ተመራምራባታለች።

«ይቺን አያችኋት?» አለች በኩራት። «ልቅሶው የተሰረዘለት ሕፃን ነው። እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ ይሄ ካለው አያለቅስም ማለት ነው። ልጅ አያስለቅስም፤ እናቶች፣ ስሙ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ቪዲዮው ከክፍሏ ልጆች አልፎ ወልድያ ደረሰ፣ ደሴ ደረሰ፤ የማታውቃቸው ሴቶች የት እንደሚገዛ ይጠይቋት ጀመር። አጎቷ ደስታውን አልቻለውም። «ልጅ አያስለቅስም» የምትለዋን ቆርጦ ማስታወቂያው አደረጋት። ደውሎም ሻደይ ደርሶ ሰቆጣ በእንግዳ ስትሞላ የሚሸጥ ብዙ ካርቶን እየጫነ መሆኑን፣ በዓሉ እንዳለፈ ደግሞ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ነገራት። ዓሚኔ ያን ቀን ስኳር ለጠየቃት ሰውዬ ጨው መዝና ሰጠች።

በገበያው ቀን ውዴ መጣች። ውዴ ከጋዝጊብላ በእግሯ እየመጣች እንቁላል የምትሸጥ የቆየች ደንበኛቸው ናት፤ ስትመለስ ከዘከሪያ ሱቅ ሳሙናና ጨው ሳትይዝ አትሄድም። ዝናቡ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አርሶታል። ጀርባዋ ላይ ልጇን ባንቺን አዝላለች። ባንቺ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ከፊቷ ዐይኗ የሚበልጥ ልጅ ናት። አማርኛ ገና አልያዘችም፤ የምትናገረው ኽምጣና ነው።

ዘከሪያ እንደ ማንኛውም ባለሱቅ ዝርዝር ሲያጣ መልሱን የሚሞላው በከረሜላ ነው። ለውዴም ዝርዝር አጣ። ባንኮኒው ላይ ካለው የመስታወት ዕቃ ከረሜላ አወጣና ለባንቺ ዘረጋላት።

ባንቺ ከረሜላውን አይታ ፊቷን እናቷ ትከሻ ውስጥ ቀበረች። የሆነ ነገር አጉረመረመች። ዘከሪያ ኽምጣናን ከደንበኞቹ አፍ እየለቀመ የተማረ ሰው ነውና ሲሰማት ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄኛው ያልቃል ነው የምትለው» አለ ለዓሚኔ። «የባለፈውን፣ የማያልቀውን ስጠኝ ትለኛለች።»

ውዴም እየሳቀች አስረዳች። ባለፈው ገበያ ለመልስ የተሰጣት ከረሜላ እስከ ቤት ድረስ ተመጥጦ አላለቀም። በማግስቱም አላለቀም። ወንድሞቿ ተራ ገብተው መጠውታል፤ ባንቺ ስትተኛ ከአፏ አውጥታ በመዳፏ ጨብጣው ታድራለች። ጎረቤት እየመጣ አይቶታል፤ በረከት ያለው ነው ያሉ ሽማግሌም አልጠፉም።

«አንድ ቀን ብቻ ክፉኛ አስደነገጠችኝ» አለች ውዴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትን አላት። ትንፋሿ ጠፍቶ ከንፈሯ ሲጠቁር ዘቅዝቄ ጀርባዋን መታሁ፣ መታሁ፤ እግዜር ብሎ ወጣላት። ይኸው ዛሬም ከአፏ አልለየው አለች።»

ባንቺ ስለ እሷ እንደሚወራ ገብቷት አፏን ከፈት አደረገች። ምላሷ ላይ ሮዝ ነገር ተቀምጧል።

ዓሚኔ በእጇ የያዘችው የጨው ፌስታል አምልጧት ወደቀ። ስምንተኛው መቀመጫ ነበር። አባቷን ቀና ብላ ስታየው እሱም መሳቁን ትቷል። ባለፈው ሰሞን ወለሉን ሲጠርግ አንድ ከረሜላ አግኝቶ ነበር፤ ከመስታወቱ ዕቃ የወደቀ መስሎት በጨርቅ ጠራርጎ መልሶ ከትቶታል። ዘከሪያ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈና ከረሜላውን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየተጫነ ይፈትሽ ጀመር።

ዓሚኔ ጓዳ ገብታ ካርቶኑን አነሳች። ሕፃኑ፣ ቀዩ ሰረዝ፣ 0-3። የተሰረዘው ልቅሶው አይደለም፤ ሕፃኑ ራሱ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይንካው ነው የሚለው። እንዲህ አፍጥጦ ሳለ እንዴት እንዳልታያት ሊገባት አልቻለም። አፈረች፤ ከማፈሯም ይበልጥ ፈራች።

ተመልሳ ባንቺን ከእናቷ ተቀበለችና ጓዳ አስገባቻት። ልጅቷ መናፈሻውን ስታይ አንገቷን አሰገገች። ግንቡን አየች፣ ሸርተቴውን አየች፣ መንኮራኩሩ ላይ ስትደርስ ዐይኗ ቆመ። ዓሚኔ ባዶውን ቦታ በጣቷ አሳየቻት፤ ቀጥሎ የባንቺን አፍ፤ ደግሞ ባዶውን ቦታ። ባንቺ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ በገዛ እጇ አወጣችው፤ በቀሚሷ ጠረገችውና ቦታው ላይ አኖረችው። ቀጭ ብሎ ገባ።

ዓሚኔ መንኮራኩሩን ገፋችው። ስምንቱም ዞሩ፣ ጨረሯ ላይ እየደረሱ፣ እየበሩ፣ እየወረዱ። ከካርቶኑ ከወጣ ጀምሮ እንደዚህ ሳይቆም ዞሮ አያውቅም። ባንቺ ሳቀች። ዓሚኔም አብራ ሳቀች፤ ለአንድ አፍታ ሁለቱም ከቆርቆሮው በላይ፣ ከጉሙም በላይ ነበሩ።

ከዚያ ባንቺ እጇን ዘርግታ ቢጫዋን ነቀለችና ወደ አፏ ወሰደቻት።

ዓሚኔ በአየር ላይ እጇን ያዘቻት። ልጅቷ ሮዟን የመለሰችው ሌላ ልትመርጥ ኖሯል። ቢጫዋን ስትቀማት ባንቺ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ልጅ የማያስለቅሰው አሻንጉሊት ፊት ቁጭ ብላ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እስኪንጠባጠብ አለቀሰች። ውዴ ሮጣ ገብታ አቀፈቻት። ዓሚኔ ቢጫዋን በመዳፏ ይዛ ቆማ ቀረች። ኮምቦልቻ የተጫኑት ካርቶኖች ሁሉ ታዩዋት፤ በየቤቱ ሲከፈቱ፣ በሷ ቃል ታምነው ለሕፃናት ሲሰጡ።

ለአጎቷ ደወለችና አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ዓብዱልቃድር ክፉ ሰው አይደለም። መጀመሪያ የጠየቃት ልጅቷ ደህና መሆኗን ነው፤ ደህና ናት ስትለው «አልሐምዱሊላህ» አለና ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ ግን ድምፁ ከበደ። ዕቃው መንገድ ጀምሯል፣ ያለው ገንዘብ ሁሉ እሱ ላይ ነው፣ ምልክቱም ካርቶኑ ላይ ስላለ ማንም ደበቅክ ሊለው አይችልም።

«ዋሺ አላልኩሽም» አላት። «ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ሻደይ ይለፍ፤ አዲስ አበባ ደርሰን እንምጣና ያሻሽን ትናገሪያለሽ።»

«እስከዚያ ሌላ ልጅ ትን ቢላትስ፣ አጎቴ?»

«አሁን ከተናገርሽ ዕቃው እንዳለ ይቀራል። አዲስ አበባውም ይቀራል። ይህን አውቀሽ ግቢበት፣ የኔ ልጅ።»

ስልኩ ሲዘጋ ዓሚኔን ማልቀስ አማራት። ዘከሪያ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ዓብዱልቃድር ወንድሙ ስለሆነ እሱን ማነጋገሩ የራሱ ድርሻ እንደሆነ ነገራት።

«ቪዲዮው ግን ያንቺ ነው» አለና ወደ ባንኮኒው ተመለሰ።

ዓሚኔ መንኮራኩሩ ፊት ቁጭ አለች። እውነቱን ለመናገር አሁንም ትፈልገዋለች። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ማለቱን፣ ዝምታውን፣ ከዚያ በታች አገር ሁሉ ተዘርግቶ መታየቱን ትፈልገዋለች። ዐይኗን ጨፍና ሮዟ ላይ ለመውጣት ሞከረች፤ ወጣችም። ነገር ግን በጋዝጊብላ በኩል ያለው አሁን ጉም ብቻ አልነበረም። ከጉሙ ሥር የውዴ ቤት ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ከንፈሯ የጠቆረ ልጅ ተዘቅዝቃ ነበር። ዓሚኔ ዐይኗን ገለጠች።

የቀድሞውን ቪዲዮ አጠፋችው። አጎቷ ቆርጦ ያወጣትን ማስታወቂያ ማጥፋት አትችልም፤ እሷ ብትናገርም አማርኛውን የሚሰማው የከተማው ሰው ነው። እንደ ውዴ ያሉት እናቶች ደግሞ የሚሰሙት ጎረቤት ስልክ ላይ ተሰብስበው፣ በቋንቋቸው የመጣ ነገር ሲኖር ነው። የዓሚኔ ኽምጣና የሱቅ ኽምጣና ነው፤ «ግቡ»፣ «ስንት ልስጥዎ»፣ «የለም» ከማለት አያልፍም።

«እትዬ ውዴ» አለች። «ትንሽ ይቆዩልኝ። ‹አይበላም› በኽምጣና እንዴት ነው የሚባለው? ‹ያንቃል›ስ?»

ውዴ ልጇን እያባበለች ነገረቻት። ዓሚኔ ደግማ ለማለት ስትሞክር ባንቺ ልቅሶዋን አቋርጣ አፍጥጣ አየቻትና በሳቅ ተንከተከተች። ዓሚኔ እንደገና አለችው። ባንቺ አሁንም ሳቀች፤ ውዴም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ዓሚኔ አላፈረችም፤ ቃሉን በዝግታ፣ የውዴን አፍ እያየች፣ ደጋግማ አለችው።

በመጨረሻ ባንቺ ሳትስቅ ቀረች። ወደ መንኮራኩሩ ዞረች፤ ትንሽ ጣቷን ወደ እሱ ቀስራ ‹አይበላም›ን በኽምጣና ራሷ ደገመችው። ዓሚኔ መቅዳት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።