ያልደረሰው አደጋ

ከተማዋ በዚያ ሳምንት ወደ ደቡብ ዞራ ስለነበር፣ ጠዋት ፀሐይ የገባችው በመኝታ ቤቱ ሳይሆን በማድቤቱ መስኮት ነው። ጎረቤቶች መጋረጃቸውን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው አዛወሩ። በአባያ ሐይቅ ላይ በምትንሳፈፍ ከተማ የሚኖር ሰው በየክረምቱ የቤቱ ፊት ይዞራል፤ በዚህ የሚደነቅ የለም። ወይንሸት ብቻ በረንዳ ላይ ወጥታ፣ ከተማዋን ከሐይቁ ወለል ጋር ያሰሩትን ወፋፍራም ገመዶች አንድ በአንድ በዓይኗ ዳሰሰች። አንደኛው ላላ ያለ መሰላት። ሁልጊዜም አንዱ ላላ ያለ ይመስላታል።

"እማ፣ ገመዱን ተይውና ልበሺ። ዛሬ እንኳ አታርፍጂ" አለች ልጇ ሶስና፣ የመጥለቂያ ልብሷን ዚፕ እየዘጋች። ሶስና ውሃ ውስጥ እየጠለቁ የከተማዋን ሆድ ከሚፈትሹት ጠላቂዎች አንዷ ናት። እናቷ ደግሞ የነፍስ አድን ጃኬት ትሰፋለች። ከሙያ ሁሉ ለምን ያንን እንደመረጠች ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

"ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም ባይገኝስ?"

"ባዶ ከሆነ ባዶ ያትሙልሻል። ሰው ማስታወሻ ይይዝበታል።"

የዚያን ቀን የወይንሸት ተራ ነበር። በከተማዋ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትውስታ ቀጂው ፊት ይቀመጣል። ትውስታ ቀጂ ማለት በራስ ላይ በሚደፋ ቆብ አማካይነት ሰው የሚያስታውሰውን ከአእምሮው ቀድቶ በጽሑፍ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ ሕዝቡ በአጭሩ ቀጂው ይለዋል። የተቀዳው ታትሞ ከነባለቤቱ ስም ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ቀጂው ከመጣ ወዲህ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ጠፍቷል፤ ማን ይልፋ? ወይንሸት ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች የአማርኛ መምህሯ ድርሰቷን ለክፍሉ ካነበቡላት ጊዜ ጀምሮ፣ ስሟን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ለማየት ስትመኝ ኖራለች። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ተፋታች፣ ሰፋች። ምኞቷን ለማንም አልተነፈሰችም። ብናገረው ይከሽፍብኛል ብላ ትፈራ ነበር።

በማተሚያ ቤቱ ቀጂውን የሚያንቀሳቅሰው ኬብሮን የሚባል ረጋ ያለ ጎልማሳ ቆቡን ደፋላት። "ምንም አያድርጉ እትዬ፤ ዝም ብለው ያስታውሱ" አላት። ወረቀቱ እየተንሸራተተ መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ደህና ነበሩ፤ ልጅነቷ፣ አርባ ምንጭ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፎች። ከዚያ ኬብሮን የሚያነበውን ገጽ ይዞ ደነገጠ። መሣሪያውን አጠፋ። ቆቡን ቀስ ብሎ አነሳላት፤ ጎንበስ ብሎም እጇን ያዘ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት እትዬ። አላወቅሁም ነበር።"

ወይንሸት ከወንበሩ ብድግ አለች። "ማን ሞተ?"

"ልጅዎ ነቻ። ሶስና።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኬብሮን ለወራት ሲያወራው ኖሯል። ሴትዮዋ ስልክ ደወለች፤ ሶስና ውሃ ውስጥ ስለነበረች አላነሳችም። ወይንሸት ጮኸች። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቧ ቁጭ አለች። ለቅሶው ሊደምቅ ሲል፣ እናትሽ ታማለች የሚል መልእክት የደረሳት ሶስና ውሃ እያንጠባጠበች በበሩ ገባች።

"ማን ሞቶ ነው?"

"አንቺ" አላት ኬብሮን።

ሰው ሲበተን ሦስቱ ወረቀቱን አነበቡት። የሰባት ዓመቷ ሶስና ከትምህርት ቤት ጀልባ ስትወርድ፣ በጀልባውና በወደቡ ጠርዝ መካከል ባለው ክፍተት ሾልካ ትገባለች። ቢጫ ነጠላ ጫማዋ ብቻ በሐይቁ ቀይ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የሞተሩ ሽታ አለ። ነገሩ ያልገባው የሌላ ልጅ ሳቅ አለ። የወደቡን ጣውላ የቧጠጠ የእናት ጥፍር አለ። በሚቀጥለው ገጽ ሶስና በትኩሳት ትሞታለች። ከዚያ አዞ ይመጣል። ከዚያ ገመዱ ይበጠስና ከተማዋ ከነሕዝቧ ትገለበጣለች።

"እማ፣ ስንቴ ነው የገደልሽኝ?"

ወይንሸት አንገቷን ደፋች። "እኔ እንጃ። ስትዘገዪ ጊዜ ነው።"

ኬብሮን ቀጂው የተበላሸ መሰለው። ቆቡን በራሱ ላይ ደፍቶ ሞከረ፤ የትናንት ምሳውን ከነሚጥሚጣው ጻፈለት። መሣሪያው ጤነኛ ነበር። ወይንሸት እነዚያን አደጋዎች ለዓመታት፣ ከነሽታቸውና ከነቀለማቸው ደጋግማ ስላሰበቻቸው፣ አእምሮዋ ከእውነተኛው ትውስታ ለይቶ አላስቀመጣቸውም። ቀጂው ያገኘውን ቀዳ፤ ሌላ ጥፋት የለበትም።

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዳንሳ ተጠርተው መጡ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ መነጽራቸውን ሳይጠርጉ መልስ አይሰጡም። "ደንቡ ግልጽ ነው" አሉ ከጠረጉ በኋላ። "ከቀጂው ወጥቶ የሚታተመው የሆነው ነገር ብቻ ነው። የከተማው መዝገብ የማያውቀውን የቀጂው ማጣሪያ ቆርጦ ያወጣዋል።"

ማጣሪያው ሥራውን ሲጨርስ የወይንሸት ሕይወት ጥቂት ገጽ ሆነ። አነበበችው። ተወለደች፣ ተማረች፣ ወለደች፣ ሰፋች። ስሕተት የለበትም። የከተማዋ የሌላ ሴት ስም ቢጻፍበትም ስሕተት አይኖረውም ነበር።

"ይታተምልዎ?" አሉ አቶ ዳንሳ።

"እምቢ ብልስ?"

"ተራዎ ያልፋል። ሁለተኛ ተራ የለም።"

ወይንሸት በዕድሜዋ ለማንም ኃላፊ እምቢ ብላ አታውቅም። "ይለፍ" ስትል ድምፁ ከየት እንደወጣ ለራሷም ገረማት። "ያወጣችሁትን ግን ስጡኝ። የራሴ ነው።"

ሰው የሚያመላልሰው የውሃ አውቶብስ ላይ ገና ሳትሳፈር ነው የተጸጸተችው። በቃ፣ አንድ ዕድሏን በእጇ ጣለች፤ ነገ ከተማው ሁሉ ይስቅባታል። ሶስና ግን ከተሳፈሩ በኋላ አጠገቧ ተቀምጣ ገጾቹን ታገላብጣለች።

"ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያስ ምን?"

"ጫማዬ ተንሳፈፈ። ከዚያስ? ከሞትኩ በኋላ ምን ሆነ? ሁሉም ላይ እዚህ ጋ ስትደርሺ ታቆሚያለሽ።"

"አታሟርቺ።"

ሶስና እውነቷን ነበር። የወይንሸት ፍርሃት ሁልጊዜ እስከ ውሃው ጠርዝ ይሄድና፣ በሩ ተከፍቶ ሶስና ስትገባ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ አልፎ አያውቅም፤ ስለዚህ ቀጂውም አልሄደም። ወረቀቱ ላይ ያለው የፍርሃት ክምር ነው እንጂ ገና መጽሐፍ አልሆነም። መጽሐፍ እንዲሆን ማለፍ ያስፈልጋል። ማለፍ ማለት ደግሞ የልጇን ቀብር በገዛ እጇ መጻፍ ነው። ማሰብ ይሁን፤ ሰው በሐሳቡ ላይ አያዝም። ቁጭ ብሎ መጻፍ ግን ለእሷ ክፉውን በስሙ መጥራት ነበር። ሶስና በየቀኑ ከተማ የሚያህል ነገር ሥር ትገባለች። ጽፋው በዚያው ቀን አንድ ነገር ቢሆን፣ ገዳዩ ማን ሊባል ነው?

ሞከረች። የልብስ ስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ ወረቀት ዘረጋች። "ሶስና" ብላ ትጽፋለች፤ እጇ ይቆማል፤ ትቀደዋለች። በማግስቱም እንደዚያው።

አንድ ቀን ሶስና ለምሳ ስትመጣ ወለሉ በተቀደደ ስሟ ተሞልቶ አገኘችው። እንጀራዋን እየጠቀለለች አየችውና፣ "ስሜ ከከበደሽ አውጪኝ" አለች። "ለልጅቷ ሌላ ስጫት።"

"ያንቺን ሞት ለሰው ልጅ ልስጥ? ኃጢአት አይሆንም?"

"ለማንም ያልተወለደች ልጅ ፈልጊያ።"

ሶስና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወይንሸት ብዙ አሰበችና "ናርዶስ" ብላ ጻፈች። እንደጻፈችው ልጅቷ ዘወር ብላ ያየቻት መሰላት። ሶስናን አትመስልም። ግራኝ ናት፣ አገጯ ሾል ያለ፣ ውሸት ማውራት የምትወድ። ወይንሸት በሕይወቷ አይታት አታውቅም፤ ግን ከምን እንደምትስቅ አወቀች። እጇ ተፈታ። ናርዶስ በጀልባውና በወደቡ መካከል ስትገባ ወይንሸት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ጠርዙን አለፈች። የናርዶስ እናት በማግስቱ ወደ ወደቡ ሄደች። በሦስተኛውም ቀን። ጀልባው በመጣ ቁጥር የሰው ልጆችን እጅ ይዛ ማውረድ ጀመረች፤ መጀመሪያ ወላጆች አበደች አሉ፤ ኋላ ልጆቹ ያለ እሷ አንወርድም አሉ።

የናርዶስን ቀብር የጻፈች ዕለት ሶስና ዘገየች። ወይንሸት መርፌ እንደያዘች፣ ባዶ እግሯን፣ እስከ ጠላቂዎቹ መውጫ ሮጠች። ሶስና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ከባልደረቦቿ ጋር ትሳሳቃለች።

"ምነው እማ? ደግሞ ሞትኩ?"

ወይንሸት ትንፋሿን ሰብስባ ተመለሰች። በማግስቱ ያንን ሩጫ፣ ከነመርፌው፣ ለናርዶስ እናት ሰጠቻት።

ጨርሳ ክምሩን አቶ ዳንሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ይህ የሆነ ነው?" አሉ።

"አልሆነም።"

"ታዲያ ከማን ተቀዳ?"

"ከማንም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

አቶ ዳንሳ መነጽራቸውን ጠረጉ። ደንቡ የሚናገረው ከቀጂው ስለሚወጣ ጽሑፍ ነው። በእጅ ስለተጻፈ አንድ ቃል የለውም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። "እስቲ ላንብበው" አሉ።

በሳምንቱ የወይንሸት በር ተንኳኳ። አቶ ዳንሳ ነበሩ። በከተማዋ በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ለብሰውት የማያውቁትን የነፍስ አድን ጃኬት እስከ አንገታቸው ቆልፈው ለብሰዋል። "እናትመዋለን" ብቻ አሉ።

በሽፋኑ ላይ "ደራሲ ወይንሸት አንጁሎ" ይላል። "ደራሲ" የሚለውን ቃል ለመጻፍ አታሚዎቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን መጠየቅ ነበረባቸው፤ ቃሉ ከተረሳ ቆይቷል። ወይንሸት አንድ ቅጂ ወስዳ የፊደል ግድፈት ፈለገች፤ ሁለት አገኘች፤ ተዋረድኩ ብላ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። በአራተኛው ቀን የውሃ አውቶብስ ላይ ስትሳፈር አንዲት ሴት መጽሐፉን ይዛ አየች። ሴትየዋ መውረጃዋ ደረሰ፣ አለፈ፤ ቀጥሎ ያለውም አለፈ። ሹፌሩ ሲጮህባት ቀና ሳትል "ቆይ፣ ልጅቷ ጀልባ ላይ ናት" አለችው። ወይንሸት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ፣ ማንም ሳያያት ሳቀች። ከተማዋ ላይ የኖሩትን ብቻ ሳይሆን የፈሩትንም የሚያነቡ ሰዎች መኖራቸውን ለማወቅ ሃምሳ ዓመት ፈጅቶባታል።

መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ታትሞ ሳለ ኬብሮን ደወለ። "እትዬ፣ ቀጂው ላይ ያልገባኝ ነገር አለ። ይምጡ።" ወይንሸት ሊያግዱብኝ ነው ብላ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች እየታዩዋት ሄደች።

የጠበቋት ኬብሮንና አቶ ጩባሮ የተባሉ መረብ ጠጋኝ ብቻ ናቸው። አቶ ጩባሮ ሃምሳ ሞልቷቸው ተራቸው ነበር። አላገቡም፣ አልወለዱም። ኬብሮን ወረቀት ሰጣት። "መጽሐፍዎን እንዳነበቡ ነገሩኝ። ግን እንደተነበበ ነገር አልወጣም፤ እንደደረሰባቸው ሆኖ ነው የወጣው። በማጣሪያው ላውጣው ብል እምቢ አሉ።"

ወይንሸት ቆማ አነበበች። ጀልባው አለ፣ ናርዶስ አለች። የሞተር ሽታው ግን የለም፤ የእርጥብ መረብ ሽታ ነው ያለው። ልጅቷ ክፍተቱ ውስጥ ስትገባ አንድ ሰው ከነልብሱ ዘሎ ይገባል። በጨለማው ውሃ ውስጥ ይዳብሳል፣ ፀጉሯን ያገኛል፣ ጎትቶ ያወጣታል። ልጅቷ ታስላለች።

"ይህን እኔ አልጻፍኩትም" አለች።

"አዎ፣ እሱ የኔ ነው" አሉ አቶ ጩባሮ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። "በሐሳቤ ስደጋግመው ዝም ብሎ መቆም አቃተኝ።"

የኬብሮን ጣት የማጣሪያው ቁልፍ ላይ ነበር። ሁለቱም የሚያዩት እሷን ነው።

"ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር?" ስትል ጠየቀቻቸው።

"በጣም እንጂ። ጫማዬም እዚያው ቀረ።"

ወይንሸት የኬብሮንን እጅ ይዛ ከቁልፉ ላይ አነሳችው።