የሃርላን ዊትኮም ድምፅ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሲጋመስ፣ ሲያትልን ካፊያና የኮሮና ፍርሃት አንድ ላይ ወርደውባት ነበር፤ አውሮፕላኖች ከሲታክ አየር ማረፊያ ባዶ ወንበር ጭነው ይነሣሉ፤ በቡሪየን የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያም በሩን ለጠያቂ ዘግቶ፣ በየክፍሉ የተዘጋበት ሽማግሌ ሁሉ የጎረቤቱን ሳል ሲቆጥር ይውላል።

በዚህ ቤት አስታማሚ የነበረችው እናኑ ይርጉ በዲቪ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ ከምትንከባከባቸውም አንዱ ሃርላን ዊትኮም የተባሉ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት ነበሩ። እኚህ ሰው በጉብዝናቸው ዘመን ጊታር አንግተው፣ በሲያትል ወደብ ለዓሣ አጥማጆችና ለእንጨት ቆራጮች ፎክ የተባለውን የሕዝብ ዘፈን ያዜሙ ነበር፤ ኋላ ሆሊውድ ለተዋናይነት ወሰዳቸው፤ መልካቸውን ወደደ፤ ድምፃቸውን ግን «ሻካራ ነው» ብሎ፣ በመጀመሪያ ፊልማቸው ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ አስገባባቸው። ዘፈኑ ዓለምን አዳረሰ፤ እርሳቸውም ሠላሳ ፊልም ሠሩ፤ ዳግመኛ ግን አልዘፈኑም።

ትኩሳቱ በያዛቸው በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ እናኑ ጭምብሏን አጥብቃ ስትገባ ያ ፊልም በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ወጣቱ ሃርላን አፉን ይከፍታል፤ በአልጋው ላይ ያሉት ሽማግሌም እኩል አፋቸውን ይከፍታሉ፤ የሚሰማው ግን የሁለቱም ያልሆነ ድምፅ ነው።

«ድምፁን አጥፊው፣ እናኑ» አሏት። «ለማንም እንዳልናገር ፈርሜ ነበር። ልጄ ሩት እንኳ የምታውቀው የዚህን ሰው ድምፅ ነው። በስልክሽ ቅጂኝና ስጫት።»

«ሚስተር ሃርላን፣ እዚህ ስልክ ማውጣት ክልክል ነው፤ ሪፖርት ካደረጉኝ ከሥራ ያስወጡኛል።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ብዙ የምቆይ አይመስለኝም።»

እናኑ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ስልኳን አወጣች። ሽማግሌው በተሰነጠቀ ድምፃቸው ዘፈኑ፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ወጣትም ከንፈሩን፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ፣ ከእርሳቸው ጋር አንቀሳቀሰ፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ሲጠብቃቸው የኖረ ይመስል ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን አረፉ። ክፍሉ በመድኃኒት ታጥቦ ተቆለፈ። በማግስቱ ጧት በጎረቤት ክፍል ያሉት አሮጊት ደወል ደወሉ።

«አዲስ ሰው አስገባችሁ? ከነጋ ጀምሮ ይዘፍናል» አሉ። «ድምፁ ሻካራ ነው፤ ግን አያስጠላም።»

የእናኑ የሥራ ባልደረባ ዳንኤል ሄዶ ተመለሰ። «ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ሩሙ ባዶ ነው። ሶ፣ ባታነሺው ይሻላል» አላት።

ሩት የአባቷን ዕቃ ልትወስድ በመጣች ዕለት፣ እናኑ መኪናዋ ድረስ ተከትላት ቅጂውን አሰማቻት። ሩት እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ይቅርታ» አለች ስልኩን እየመለሰች፤ «ይህ አባቴ አይደለም። አባቴ ሲዘፍን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።»

«እኔ አጠገባቸው ነበርኩ» አለች እናኑ። ሩት ግን መስኮቱን ዘጋች።

በዚያ ሳምንት ጋዜጦችና ጣቢያዎች ሃርላን ዊትኮምን በታላቅ ክብር ዘከሩ፤ የዘከሩበት ዘፈንም ስሙ በየትም ያልተጻፈ የዚያ የሌላው ሰው ነበር። የዘመኑ መዝገብ የአንዱን ፊትና የሌላውን ጉሮሮ ሰፍቶ አንድ ሰው አደረጋቸው። እናኑ ቅጂውን አላጠፋችውም፤ መልሳ ልትሰማውም አልደፈረችም።