ከገበያው ጀርባ ያሉት መድፎች

ቢሾይ እውነተኛውን ሥዕል ቀሚሱ ውስጥ ሸጎጠ። ሐሰተኛውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ያን ጊዜ ሥዕሉ ላይ የዳቦ ሻጯን እጅ አየ።

በሐሰተኛው ሥዕል ናዝላ ዳቦውን የምታቀብለው በቀኝ እጇ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሙሴ ቫልሮን ግን የሳላት በግራዋ ነበር። ሥዕሎቹ በመዳብ ተቀርጸው ሲታተሙ ግራው ቀኝ ስለሚሆን፣ ፈረንጁ ከጅምሩ ሁሉን ገልብጦ ይስላል። ቢሾይ በስውር የሚያገለግለው የከተማው ስለላ ቤት ያሠራው አስመሳይ ሠዓሊ ግን የእስክንድርያ ልጅ ነው። ከገበያው ጀርባ ያሉትን መድፎች እንደታዘዘው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አዛወረ። ሰው በግራ እጁ ዳቦ ሲሰጥ መሳል ግን ነውር ሆነበትና አቃናው። ደግ ሠራሁ ብሎ የቢሾይን አንገት ለገመድ ዳረገ።

ደረጃው ተንቋቋ።

ሙሴ ቫልሮን የመድፎቹን ቦታ ለማወቅ ሥዕሉን ሊወስድ ከመጣው የጦር መርከብ ካፒቴን ጋር ገባ። ናዝላም መሶቧን ይዛ ተከተለቻቸው። ቢሾይ በዚህ ቤት አሽከርና አስተርጓሚ ሆኖ ከርሟል፤ እንደዛሬ ግን ፈርቶ አያውቅም።

«ይህን እጅ ማን ነካው?» አለ ሠዓሊው በፈረንሳይኛ።

ካፒቴኑ ሽጉጡን ጨበጠ።

ቢሾይ መኖር ፈለገ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። «እሷ ናት» አለ። በግራ እጄ ሰጪ አስመስሎ አዋረደኝ እያለች ስትነጫነጭ እንደሰነበተች፣ ከእሷ በቀር እጁን የሚነካ እንደሌለ አስረዳ። ሠዓሊው ሳቀ። ካፒቴኑ አልሳቀም፤ መርከብ ላይ ወስዶ እንደሚመረምራት ተናገረ።

ናዝላ ፈረንሳይኛ ስለማታውቅ አንዱም አልገባትም። «ምን አሉ፣ ወንድሜ? ወደዱት?»

«ወደውታል፣ እህቴ። መርከቡ ላይም ሊስሉሽ ነው።»

ሻሿን አስተካክላ፣ ደስ ብሏት ወረደች።

ቢሾይ ወደ ስለላው ቤት አለቃ ወደ ራጊብ አፈንዲ በረረ። አለቃው ሸርቤት የሚባለው ጣፋጭ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ተቀምጦ ነበር።

«ጌታዬ፣ ናዝላን የያዘችውን ጀልባ ያስቁሙልኝ!»

«ካስቆምኩ ሥዕሉ ሐሰት መሆኑን ያውቃሉ።»

«የሰፈር ሰው አይነካም ብለውኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር፣ ጥላ» አለ ራጊብ በምስጢር ስሙ ጠርቶት። «እጁ መቃናቱን ጠዋት አይቻለሁ። ሌላ ለማሠራት ጊዜ አልነበረም። የሚያጠፉት አንተን ነው ብዬ አስቤ ነበር።»

ቢሾይ ወደ ደጅ ወጣ።

የፈረንሳይ መርከቦች ሥዕሉን አምነው መድፍ የለበትም ባሉት በምሥራቅ በኩል መጡ። መድፉ ጠበቃቸው። ከሰመጡት አንዷ ናዝላ ያለችባት የካፒቴኑ መርከብ ነበረች። ከተማው ሲጨፍር ቢሾይ በር ዘግቶ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ወደብ ላይ ጨው ይሸከም ጀመር። አንድ ቀን የናዝላ ባል አስቆመው። ቢሾይን በስም እንጂ በመልክ አያውቀውም።

«ወንድሜ፣ ፈረንጁ ቤት ያገለግል የነበረ ቢሾይ የሚባል ታውቃለህ? ሚስቴ ያለችበትን እሱ ሳያውቅ አይቀርም።»

«አላውቀውም።»

«አላህ ይስጥህ» አለ ሰውየው። ጎንበስ ብሎ ቢሾይ ያወረደውን የጨው ጆንያ አሸከመው።